ፍሬን አልባ መኪና ማሳረፊያ

ፍሬን ሸጬ የምኖር ሰው ነኝና አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ደንበኛ የሚመጣው ፍሬኑ ሲያልቅ ሳይሆን ካለቀ በኋላ ነው። የአገሬ ሰውማ ፍሬኑ ሲጮህበት የሬዲዮኑን ድምፅ ይጨምራል።

በስደት ከተማዬ በቻምብሊ ያለችው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ ግቢዋ ጠባብ ነው። ከአስፋልቱ ሲገባ ፊት ለፊት ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ሥር የጎረቤቴ ምግብ ቤት ደንበኞች ፓርክ ያደርጋሉ። ፍሬን ፍለጋ የሚመጣ ሁሉ የሚቆመው መኪኖቻቸውን ገጭቶ ነበር። መጨረሻ ላይ የተገጨው ለምሳ የመጣው የሕንፃው ማኔጀር መኪና ሆነ። የኪራይ ውሌ ሊያልቅ ነበርና በሳምንቱ ማኔጀሩ ሊዝህን ሪኒው አላደርግም አለኝ። ሱቋ ከሄደች እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ሌላ የምችለው ሥራ የለኝም።

ጠበቃ ውድ ነው፣ ሽማግሌ ነፃ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂና ደንበኛዬን ኮማንደሩን ሳንዲ ስፕሪንግስ ወዳለው የማኔጀሩ ቢሮ ላክኩ።

ኮማንደሩ የባሕር ኃይል ጡረተኛ ናቸው። አገራችን ባሕር የላትም፤ እሳቸው ግን ሊቶኒያ ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ይሠራሉ። ሞዴል ማለቴ ነው። ቢሆንም ባለቤታቸው መኪናቸውን ደጅ ማቆም ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። መለዋወጫ የሚገዙት ከእኔ ነው፤ የእጅ ፍሬን ካቦ አውሮፕላን መያዣ ገመድ፣ የመስኮት ሞተር ደግሞ አውሮፕላን የሚያወጣ አሳንሰር ሆኗል። "ለምን መኪና ነው?" ስላቸው "ለመርከብ" ይሉኛል፣ ሳይስቁ።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ማኔጀሩ ይህን የት ያውቃል፤ ወንበር ቢያቀርብ አልተቀመጡም። ወገባቸውን ያማቸው መስሎት ትራስ ያለው አስመጣ። ቆሙ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ አሁንም ቆሙ። ሲጨንቀው "ቅዳሜ መጥቼ ቦታውን አያለሁ" ብሎ ሸኛቸው።

"ይኼ ሰው ያሳደገው የለም እንዴ?" አሉ ቄሱ።

ኮማንደሩ ግን በቀጥታ ግቢዬ መጥተው ወዲያ ወዲህ እያሉ በእርምጃ ይለኩ ጀመር።

"ስማ አንተ! ድሮ የመርከቡ ሜዳ ቀጥ ያለ ነበር። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ገመዱን ከሳተ ፊት ለፊት የቆሙት ላይ ይወጣል። ይኸው ያንተ ግቢ!"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

"ማረፊያውን ወደ ጎን አዘነበሉት። የሳተው በጎን በኩል ባሕሩ ላይ ይነሳል፣ ዞሮ ይመለሳል። መጀመሪያማ መርከቡንም አልነኩት፤ በቀለም አስምረው ነው የሞከሩት።"

"ኮማንደር፣ እኔ ባሕር የለኝም።"

"የኋላ በር አለህ።"

ከፊት በር እስከ ኋላ በር በሰያፍ ቢጫ መስመር አሰመርን፤ የምግብ ቤቱን መኪኖች ከመስመሩ ቀኝ አሰለፍን። መሐል ላይ በካቦ የታሰሩ አሮጌ ጎማዎች ዘረጋን።

ቅዳሜ ማኔጀሩ መጣ። ሽማግሌዎቹም መጥተው ቆሙ። ገና ሰላም ሳንባባል ስልኬ ጮኸ፤ ታክሲ የሚነዳ ደንበኛዬ ነው።

"ብሮ፣ ፍሬን የለኝም! እየገባሁ ነው!"

ኮማንደሩ ከመደርደሪያው ሁለት ቀይ የኋላ መብራት ሽፋን አንስተው መሐል ሜዳ ወጡ፤ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘረጉ።

"ግራ! ግራ በል! ቀጥ!"

መኪናው ጎማዎቹን ስቶ፣ በማኔጀሩ አፍንጫ ሥር አልፎ፣ በኋላ በር ወጣ።

"ሄደ እኮ" አለ ማኔጀሩ።

"ዞሮ ይመለሳል" አሉ ኮማንደሩ፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ የመርከቡን ታሪክ ከሥር መሠረቱ ጀመሩለት።

ተመለሰም። አሁን ጎማዎቹ እቅፍ አድርገው አስቀሩት፤ አንድም የቆመ መኪና አልተነካ። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ "ጋሼ፣ ሙድ እየያዛችሁብኝ ነው? የፍሬን ፓድ አላችሁ የላችሁም?" አለ።

ማኔጀሩ መስመሩን አየ፤ የቆሙትን ሽማግሌዎች አየ።

"ወገባቸው አልተሻላቸውም?"

"ደህና ናቸው። ያንተን እሺ እየጠበቁ ነው።"

"እሺ! እሺ! ይቀመጡ በቃ!"

ሦስቱም እዚያው ጎማዎቹ ላይ ቁጭ አሉ። ሐጂው "አልሐምዱሊላህ፣ እግሬ አልቆ ነበር" አሉ።

ሊዙ ሲመጣ መጨረሻው ላይ አዲስ አንቀጽ ተጨምሮበታል፤ በግቢው ውስጥ ማናቸውንም ዓይነት አውሮፕላን ማሳረፍ ክልክል ነው ይላል። እኔ እየሳቅኩ ፈረምኩ። ኮማንደሩ ግን መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡት ፊታቸው ጠቆረ።

"ይችንማ ማንሳት አለበት" አሉ። "ቄሱ ጋ ደውል፤ ሽማግሌ እንላክበት።"