ክሬን እና የአንሶላው ጫፍ

ነርሷን ባልደረቦቿ በከባድ ዕቃ ማንሻው መኪና ስም «ክሬን» ይሏት ነበር። ቀጭን ሴት ሆና ሳለ፣ መንቀሳቀስ የተሳናቸውን ሕሙማን ብቻዋን ታገላብጥ ስለነበር ነው። ደንቡ ሥራው የሁለት ሰው ነው ይላል። ይሁን እንጂ ሁለተኛዋ ነርስ ከለቀቀች ወዲህ በምትኳ ማንም አልተመደበም።

ስለዚህ ዘዴ ፈለገች። አንሶላውን ስባ ሕመምተኛውን በጎኑ ካስተኛችው በኋላ፣ ጫፉን ከአልጋው ብረት ጋር ትቋጥረዋለች። ብረቱ ሰውየውን ይዞላት፣ እርሷ ዞራ ጀርባውን ታጥባለች። ወገቧ ግን ከቀን ወደ ቀን እምቢ እያለ ሄደ። ረዳት እንዲሰጧት ስትጠይቅ የነርሶች ኃላፊዋ መልስ አንድ ነበር።

«ችለሽዋል እኮ። ምን አነሰሽ?»

ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷ ወገቧን በሙቅ ፎጣ እየተኮሰች ትቆጣታለች።

«አንቺ ከቻልሽው፣ ማን ሞኝ ነው ሰው የሚቀጥር?»

«ታዲያ ሕመምተኛው ሳይገላበጥ ተኝቶ ጀርባው ይቁሰል ነው የምትይኝ?»

«እነሱም እንዲቆስል እንደማትተዪው ያውቃሉ።»

ነገሩ እስከ ማለዳ ሲከነክናት አደረ።

በዚያው ሳምንት የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ለሠራተኞቹ «የጽናት ሥልጠና» አዘጋጀ። አሠልጣኙ ለእያንዳንዳቸው የምትጨመቅ የጎማ ኳስ አደለና፣ ሲደክማችሁ ጨምቁ አላቸው። ከዚያም አስተዳዳሪው ክሬንን አሞገሳት። እንዲህ ያለ ሙገሳ ሲመጣ ከበስተጀርባው ያለውን መመርመር ይገባል፤ ዘዴዋን ለሌሎቹ ክፍሎች እንድታስተምር ተፈልጎ ኖሯል። ሌሎቹም ብቻቸውን እንዲያገላብጡ ማለት ነው።

ዘዴዋን በዓይናቸው ለማየት ሁሉም ተከታትለው ወደ ሕሙማን ክፍል ገቡ። አልጋው ላይ የተኙት ግዙፍ ሽማግሌ፣ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሰልፉን አዩና «እኔን ለመገልበጥ ስብሰባ ተጠራ እንዴ?» አሉ።

ክሬን አንሶላውን ሳበች። ሽማግሌው በጎናቸው ሆኑ። ሁሉም ቋጠሮውን ይጠብቃል። እርሷ ግን ጫፉን ለአስተዳዳሪው ዘረጋችለት።

«ይያዙልኝ።»

«ብረቱስ?»

«ከእንግዲህ ከብረቱ ጋር አላስርም። ጋሼ በቀን ብዙ ጊዜ ይገለበጣሉ፤ ሰው እስኪመደብ ድረስ በየጊዜው እርስዎን አስጠራለሁ።»

በሰው ፊት እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ ያዘ። እርሷ ዞራ ጀርባቸውን ሳትቸኩል አጠበች። የአስተዳዳሪው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጌታዬ፣ እንዳይለቁኝ» አሉ ሽማግሌው። «አፍንጫዬ ብረቱ ላይ ነው ያለው።»

አስተዳዳሪው ሲወጣ ላቡን እየጠረገ «ጉዳዩን እናየዋለን» አለ። ይህን ቃል ክሬን ስትሰማው ኖራለች፤ አላመነችውም።

ከሰዓት በኋላ አስጠራችው። እርሱ አልመጣም። የመጣችው የነርሶች ኃላፊዋ ናት፤ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ እያጉረመረመች።

«ለዛሬ ብቻ ነው፣ ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ክሬን፣ የአንሶላውን ጫፍ እያቀበለቻት። «ማታም ይገለበጣሉ።»