በእፍኝ ጨው የተሸጥኩ ልጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ሰው ፊት መናገርም አልወድም። ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ውጭ አገር፣ ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር ያለው ክሊኒክ ለቼክአፕ ሄጄ፣ እዚሁ የተወለደች ሐበሻ ነርስ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "እናትሽ ስንት ልጅ አለው?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "ኦኬ፣ አንቺ ስንተኛ ነሽ?"

ልጅ እያለሁ፣ እኛ ጣና ዳር ልጅ አይቆጠርም ነበር። ሽማግሌዎቹ የተቆጠረ አይበረክትም ይሉ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ደንገሉ ሥር የሚቀረው ውሃ ዓሣ ዓሣ፣ የበሰበሰ ሣር ይሸታል። እኛ እዚያው ጭቃው ዳር ቅልብልቦሽ እንጫወታለን። ከዚያ ወባው ይመጣል። እናቴ ከታላቅ ወንድሜ በኋላ የወለደቻቸውን ትንንሾች ሁሉ የቀበረችው በዚያ ወቅት ነው። እኔ ስወለድ ሞት እንዳያውቀኝ ብላ ለጎረቤታችን ለጥሩዬ በአንድ እፍኝ ጨው ሸጠችኝ። የአገሩ ልማድ ነው። የምበላውም የምተኛውም እናቴ ቤት ነበር፤ እማዬ የምለው ግን ጥሩዬን ነው። እናቴን እትዬ ነበር የምላት።

አንድ መስከረም የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት አጎበር ልታድል መጣች። የምትሰጠው በቤቱ ሰው ልክ ነው።

"ይቺስ?" አለች፣ በአገጯ እኔን እያመለከተች።

"የጥሩዬ ናት" አለች እናቴ።

ጥሩዬ ከአጥሩ ማዶ ሰማች። "ኧረ ወዲያ። አፍንጫዋን አታዪውም? ቁርጥ እሷን። እኔ ጨዌን ሰጠሁ እንጂ መች አማጥኩ።"

"ታዲያ አጎበሩን ለጨው ልስጠው?" አለች ልጅቱ። ሁለቱ ሳቁ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። "እትዬ፣ ልጄ ናት በይኝና ልጨምርልሽ።"

እናቴን አየኋት። አጎበሩ ምን እንደሚያደርግ እንኳ አላውቅም። የፈለግሁት ያንን ቃል ብቻ ነበር። እሷ መሬት መሬቱን እያየች፣ "የሰው ልጅ ናት" አለች። ልጅቱ ሸክሟን አንስታ ሄደች።

እናቴ የራሷን አጎበር እኔ ላይ ዘርግታ እሷ በሩ ሥር ትተኛ ጀመር። ጥቅምት ላይ ንዳዱ የያዘው እሷን ነው። ጋቢ ደርባ እየተንቀጠቀጠች፣ ውሃ ይዤ አጠገቧ ስቀመጥ፣ "ወደ ቤትሽ ሂጂ" ትለኛለች። ሌላ ቤት እንደሌለኝ ሁለታችንም እናውቃለን። ኋላ ዳነች።

አሁን የምኖረው እዚሁ ዊትኒ የሚባል ሰፈር ነው፤ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። እዚህ ነፋሱ ምንም አይሸትም። ያኔ ሞት እንዳያገኘን ስማችንን እንኳ ቀስ ብለው ይጠሩን ነበር፤ ዛሬ ፎቶዬና ስሜ ያለበትን ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እገባለሁ፤ በየሄድኩበትም የልደት ቀኔን ይጠይቁኛል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም።

እናቴ ሐምሌ ላይ ሞተች። ወንድሜ ሲደውልልኝ ሺፍቴ ሊጀምር ነበር። ገባሁና ሠራሁ። እስካሁን አላለቀስኩም።

ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ በስልክ አውርተን ነበር። ድምጿ ደክሟል። እዚያ ሰዎቹ የማን ልጅ ነሽ ይሉሽ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። አንዳንዴ አልኳት።

"ወባ አለ እዚያ?"

"የለም፣ እትዬ።"

"እንግዲያስ የእኔ ነሽ። ንገሪያቸው።"