የእንቅልፍ እቁብ

ትናንት ማታ ልጄ ቤዛ ቤት ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ፣ ያ የመተንፈሻ ማሽን ድርርር ሲል ከልጇ ክፍል ሰማሁትና፣ የራሷ የቤዛ ልጅነት መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ እዚሁ ባህር ማዶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ቅጠሉ ረግፎ ሕንፃው ሂተር ሲለቀቅበት የቤዛ አስም ይነሳና ደረቷ ያፏጭ ነበር። እኔና እናቷ ትርንጎ የመተንፈሻ ማሽኑን አፏ ላይ ይዘን በተራ እንጠብቃታለን፤ ተረኛ ያልሆነው ይተኛ ይባል እንጂ፣ የልጁን ትንፋሽ እየሰማ ማን ይተኛል? ብቻዋን የምታሳድገው ልጇ ይኸው በሽታ ያለበት ጎረቤታችን ዘሃራም፣ ሊፍት ውስጥ ቆማ ታንቀላፋ ነበር።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ገንዘብ ሲያጥረን እቁብ እንጥላለን፤ እንቅልፍ ሲያጥረንስ ማን ከለከለን?» አለችኝ።

ቀልዱን ሥራ ላይ አዋልነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ልጆች እኛ ቤት ያድራሉ፣ እጣ የወጣለት ዘሃራ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ እስኪነጋ ይተኛል፣ የቀሩት ሁለቱ ይጠብቃሉ። የኔ እጣ የካፖርት አዝራር፣ የትርንጎ ሽምብራ፣ የዘሃራ የቴምር ፍሬ ነበር፤ ከሱፍ ኮፍያ ውስጥ የምታወጣው፣ የልጅ እጅ አያዳላም ብለን፣ የስድስት ዓመቷ ቤዛ ነበረች። የደረሰው ዙሩ እስኪያልቅ ይውጣ የሚለውን የእቁብ ደንብ ግን ማውጣት ረሳን።

ክረምቱ ሲጠና፣ እኔም ታክሲ ነጂ ነበርኩና፣ አንድ ጠዋት ቤዛን ትምህርት ቤት ላደርሳት በረዶ ላይ እየነዳሁ፣ ቀይ መብራት አስቁሞኝ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ከኋላ በትንሽ ጣቷ አንገቴን ነካ አድርጋ፣ «አባዬ፣ ግሪን ሆነ» አለችኝ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አልኳት። አልነገረችም።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ አዝራሩ ወጣ። ትርንጎ፣ «አንተን ደግሞ ማን መረቀህ?» ትለኝ ነበር። ዘሃራም፣ «ጋሼ በጸሎት እየሰረቁን ነው» ትል ነበር። በአራተኛውም ሲወጣ አፍሬ ለትርንጎ ልልቀቅላት ብል፣ «እጣ አይመለስም፤ ሂድ ተኛ» አለችኝ፤ ሄጄ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ጸደይ ሲመጣ የልጆቹ ደረት ረገብ አለ፣ እቁቡም ሳናፈርሰው ቀረ።

ትናንት ቤዛ ዓይኗ ቀልቶ ከክፍሉ ስትወጣ፣ ያን እጣ አነሳሁላት። ሳቀች።

«አዝራሩ ቀዳዳ ነበረው አባዬ፤ በጣቴ አውቀው ነበር። ሹፌሩ አንተ ነበርክ።»

የዛሬው ማሽን መዳፍ የሚያክል ነው፣ ድምፁም ዝግ ያለ፤ ያኔ ቀይ መብራት ላይ ያንቀላፋሁት እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፍ እምብዛም አያስፈልገኝም። ከሹራቤ አንድ አዝራር በጥሼ መዳፏ ላይ አኖርኩላትና፣ ወንበሩን ወደ ልጁ አልጋ ሳብኩ።