ከአልጋዋ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ታላቅ እህቴ፣ ቤት ሲሸት፣ ሰው ከመውቀሷ በፊት ተንበርክካ ጥጋጥጉን ታሸት ነበር። አንድ ክረምት ቤቴ ሸተተና ምራቴን "ባለሙያ ብትሆኚ ይህ አይመጣም ነበር" አልኳት። እህቴ ከጎታው ኋላ ገብታ፣ እኔው ራሴ ሳይደርቅ ያጠፍኩትን አጎዛ ጎትታ አወጣች።

"ይኸውልሽ የባለሙያ ሥራ! በይ፣ አሁኑኑ አፉ በይኝ በያት።"

እምቢ ብላት "ከደጃፍሽ አልነሳም" አለች። ቢቸግረኝ ይቅር እንድትለኝ ምራቴን ለመንኳት። "አፉ ብያለሁ እማማ" አለችኝ።

ዘንድሮ እህቴ ታማ አልጋ ስትይዝ "ከጀርባዬ ግድግዳው ረጥቧል፤ ይሸተኛል" አለችን፣ እኔንና ልጆቿን። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት ብለን፣ ከመካነ ሰላም ገበያ ሽቶ ገዝተን ረጨንና ተውናት። ሞተች።

ከአርባዋ በኋላም ሽታው አልለቅ ሲል ልጆቿ "የእማ በሽታ ነው የሚሸተው" አሉ። ሙት አይታማብኝም ብዬ አልጋውን ጎተትኩት። ጣሪያው እያፈሰሰ የግድግዳው ጭቃ ሻግቶ ነበር፤ ስነካው እጄ ላይ ተናደ።

ቆርቆሮውን አስደፈንን፣ ግድግዳውን ፍቀን እንደገና መረግነው። ሽታው ለቀቀ። ከዚያ ልጆቿን ይዤ ባዶው አልጋ ፊት ቆምኩና ሁላችንም አፉ በይን አልናት።

አፉ ብያለሁ የሚለን የለም።