የብሉሚንግተኗ መድፍና የግራ ጆሮዬ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ልጄ ሂሩት እዚህ ባሕር ማዶ ከምንኖርባት ከቡርንስቪል ወደ ብሉሚንግተን በመኪና ይዛኝ ስትሄድ፣ አንድ የድሮ ወታደሮች ክበብ ደጅ፣ ሣሩ ላይ መድፍ አየሁ። ዝጋለች።

«አቁሚ!»

«አባባ፣ ሺፍት አለብኝ እኮ!»

«አቁሚ ብያለሁ!»

ፊደል አልቆጠርኩም፤ መድፍ ግን አውቃለሁ። ምፅዋ ገና የእኛ ሳለች፣ ባሕሩ ዳር አራት መድፍ ነበሩን። ጣሊያን ተክሏቸው፣ እንግሊዝ ቆልፏቸው ሄዶ፣ ፈትተን ያስነሳናቸው እኛ ነን። ሁለተኛዋ የእኔ ነበረች። ግራሶ የምቀባት ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ብረቷ እጅ ይልጣል። በእኔ ጊዜ በባሕር የመጣ ጠላት የለም። የምንተኩሰው ለእንግዳ መርከብ ሰላምታ ነበር። የግራ ጆሮዬ እዚያው ቀረ... በሰላምታ!

ሂሩት ይህን አታምንም። ለሰው ሁሉ «አባባ ወደብ ላይ ዘበኛ ነበሩ» ነው የምትለው። ጆሮዬንም «የማይፈልጉትን ነው የማይሰሙት» ትላለች። ይኼ ያንገበግበኛል።

ወርጄ አፈሙዟን ሳይ... በሲሚንቶ ደፍነዋታል! ደሜ ፈላ። ከመኪናው ኋላ የሞተር ዘይት አወጣሁና በአንገት ልብሴ አሻት ጀመር።

«የገዛሁልዎት ስካርፍ! አባባ፣ ፖሊስ ይጠሩብናል፣ ይግቡ!»

ከክበቡ አንድ ነጭ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ሂሩት በእንግሊዝኛ ይቅርታ ስትለምነው፣ አንገቱን አዙሮ ቀኝ ጆሮውን ሰጣት። እኔም የሚለውን ልስማ ብዬ ቀኜን ሰጠሁ። ተያየን...

የግራ ጆሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገና ወደ መድፏ አመለከተ። እኔም የግራዬን መታሁ።

«ቡም!» አለ።

«ቡም!» አልኩት።

ሁለት ሽማግሌ ሣር ላይ ቆመን እንደ ሕፃን ተንከተከትን። ከዚያ ሂሩትን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አለሽ?»

«እሱ የባሕር ዳርቻ መድፈኛ ነበር። ‹አባትሽስ?› አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

በግራዬ ቆማ የነበረችው ልጄ ዞራ በቀኜ መጣች።

«መድፈኛ ነበሩ አልኩት» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

ሥራዋ ላይ አረፈደች። ማታ ስትመለስ አንድ ቆርቆሮ ግራሶ ገዝታ መጣች። ይህንንም እኔ ስናገር የምትጽፈው እሷው ናት፤ ‹ዘበኛ› ብላ እንዳትቀይረው ሦስቴ አስነብቤያታለሁ።

መድፏ አፏ ተደፍኗል፣ እኔ ጆሮዬ... እኔና መድፏን የሚያጣላን ነገር የለም።