በእጄ የገለበጥኩት ሕግ

በሕግ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ነጋሪት ጋዜጣ በክፍት መደርደሪያ ተደርድሮ ሳይ፣ ሰው ሳይቆልፍ ረስቶት የሄደ መሰለኝ። እኛ አገር፣ ሆሳዕና ፍርድ ቤት፣ ይኸው ጋዜጣ የሚኖረው ከዳኛው ወንበር ጀርባ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነው። ሠራተኛዋ ግን "የሕዝብ ነው፣ አንብብ" ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች። ቢሆንም ፈርቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

የገባሁት ለፈተና አልነበረም። አባቴ ሆሳዕና አጠገብ ሌሞ ውስጥ ጭሰኛ ነው፤ ባለመሬቱ በሳምንት ውስጥ ይልቀቅልኝ ብሎ ሆሳዕና ፍርድ ቤት ከሶታል። የተከልነው እንሰት ገና አልደረሰም። ሕጉ ደግሞ ጭሰኛ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ይላል። ያንን ገለበጥኩ። በጸሎት ቤታችን የመዝሙር መጽሐፍ ስለማይበቃ በእጃችን እየገለበጥን ነው ያደግነው፤ ርዕስ የዘለለ ልጅ እንደገና ይጀምራል። እኔም እንደለመድኩት ከላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ማዕረግና ስም ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

በቀጠሮው ቀን ከባለመሬቱ ጋር ችሎት ፊት ቆምን፤ አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጁ ለዳኛው ሰጠ። ዳኛው የመጀመሪያውን መስመር አንብበው ቀና አሉ።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"በግርማዊነታቸው ስም አዋጅ ማውጣት ጀመርክ?"

ተማሪ ወረቀት በተነ እየተባለ የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። የችሎቱ ፖሊስ ወደ በሩ ጠጋ አለ።

"ከጋዜጣው ነው የገለበጥኩት" አልኩና ወደ ቁምሳጥኑ ጠቆምኩ። ወዲያው በመጠቆሜ ተጸጸትኩ።

ሬጅስትራሩ ቁልፉን ፈልጎ ከፈተ፤ አቧራውን አራግፎ ማንበብ ጀመረ። ዳኛው የእኔን ወረቀት በእርሳስ እየተከተሉ ያመሳክራሉ። አንዲት ቃል ከዘለልኩ አልቆልኛል። ስለ ጭሰኛው የሚለው ሲነበብ እንኳ አልሰማሁትም፤ የምጠብቀው የእርሳሱን መቆም ብቻ ነበር።

እርሳሱ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ደረሰ።

"ሁለተኛ የንጉሥ ማዕረግ በእጅህ እንዳትጽፍ" አሉኝ ዳኛው። እጅ ነሥቼ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ቶሎ እንውጣ ብዬ የአባቴን እጅጌ ጎተትኩ። እሱ ግን አልተነቃነቀም። ቤታችን የሚነገረው ሀዲይኛ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ቃላት እየመረጠ ነው።

"ጌታዬ፣ አሁን የተነበበው፣ ማስጠንቀቂያ የሚለው፣ ለእኔም ነው?"

ዳኛው ባለመሬቱን አዩ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ የቀረውን ጋዜጣ አዩ።

"ለአንተም ነው" አሉ። ባለመሬቱንም "በሕጉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ፣ ጊዜው ሲደርስ ተመለስ" አሉት።

አባቴ ዝቅ ብሎ አመሰገነ። እኔ፣ የሕግ ተማሪው፣ አሁንም እጅጌውን እየጎተትኩ ነበር።