ባኬቱ የነካው ራስ ቅል

አባቴን የሚያክል ሰው በአካፋ መትቻለሁ። ቶሮንቶ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሥራ ሄልሜቴን እንዳደረግኩ። ቁጡነቴን ለምደው የሚቀልዱብኝ ጓደኞቼ እንኳ ይህን ሲሰሙ ቀልዳቸውን ይተዋሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ሥራዬ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ነው። እዚህ አገር ሕንፃ ከመቆሙ በፊት መሬቱ የድሮ ሰው ቅሪት ይኑረው አይኑረው መታየት አለበት። የዚያን በጋ የምንቆፍረው ጄን ኤንድ ፊንች ከሚባለው ሰፈር ወደ ሰሜን፣ ቤት ሊሠራበት የታጠረ ሜዳ ነበር። ከላይ የዛሬ ሰው የጣለው ጠርሙስና ጎማ አለ። ከሥሩ ከአውሮፓ የመጣ ገበሬ በድንጋይ የገነባው ምድር ቤት፣ ከዚያም በታች የመሬቱ የጥንት ባለቤቶች መንደር። መንደሩ ያለቀው በእሳት ነው። ዙሪያውን የከበበው የግንድ አጥር ከስሎ፣ የቀሩት ግንዶቹ የቆሙባቸው ጥቁር ጉድጓዶች ብቻ ናቸው። በሩ በነበረበት ቦታ የድንጋይ የፍላጻ ጫፎች ተሰባብረው ወድቀዋል፤ ሸክላው በቃጠሎው ፈንድቷል። በገበሬው ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ ግንባሩን በጥይት የተበሳ የውሻ ራስ ቅል አገኘን። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር። ማን ማንን በምን እንደመታ ከአጥንት ላይ ማንበብ እችላለሁ፤ አዲስ አበባም እዚህም የተማርኩት እሱን ነው።

የቁፋሮ ማሽኑን የሚነዱት አንድ የአገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆነው ተዋግተው፣ በሱዳን በኩል አምልጠው የመጡ ሰው ናቸው። ዳንፎርዝ ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት እኔ የምኖርበት ሴንት ጄምስ ታውን ጎራ ብለው በመኪናቸው ይወስዱኛል። አሠራራችን ቀላል ነው። እሳቸው አፈር በሚዝቀው ባኬት መሬቱን ከጣት በማይበልጥ ውፍረት ይልጣሉ። እኔ ከባኬቱ ፊት ወደ ኋላ እየተራመድኩ የተላጠውን አያለሁ፤ እጄን ካነሳሁ ማሽኑ ይቆማል። ያ ብረት ትንሽ ቢስት እግሬን ይዞት ይሄዳል። ጋሼ አንድም ቀን አልሳቱም።

የአለቃችን ደንብ ሁለት ነበር። ባኬት የሰው አጥንት ቢነካ ስህተት ነው፤ ይመዘገባል፣ ይታለፋል። ነክቶ የደበቀ ግን በዚያው ቀን ይባረራል። የሚደብቅ ደግሞ አይጠፋም፤ አጥንት ከተገኘ ሥራው ለሳምንታት ይቆማላ።

አንድ ቀን ወደ ሌላው ጉድጓድ ተጠራሁ። እስክመለስ ምንም እንዳይነኩ ለጋሼ ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉኝ። ስመለስ ባኬቱ ከተውኩበት ሦስት እርምጃ አልፎ ቆሟል። ጋሼ ከማሽኑ ወርደው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ አፈር በመዳፋቸው ይደለድላሉ። ገፋ አድርጌያቸው ከዳር በኩል በጣቴ ጫርኩ። የሰው ራስ ቅል ጎኑ ብቅ አለ። ከጆሮው በላይ ቀዳዳ አለው፤ በድንጋይ መጥረቢያ የተመታበት ነው፣ ጠርዙ እንደ አፈሩ ቡናማ ሆኗል። ከቀዳዳው አጠገብ ግን ሌላ ስብራት አለ፣ ነጭ። አሮጌ ስብራት የአፈር ቀለም ይይዛል፤ ነጭ ከሆነ ዛሬ የተሰበረ ነው። ያን ሰው አንዴ ገድለውታል፤ አሁን ደግሞ ባኬቱ ደገመው።

«ደበቁት?» አልኩ።

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። አልጠበቅኩም፤ ቱግ አልኩ። አጠገቤ የተተከለውን አካፋ ነቅዬ ሰነዘርኩ። ራሳቸውን ለመከላከል ቀኝ እጃቸውን አነሱ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር ነው የሚመስለው። ብረቱ ቆዳቸውንም ቀዶት ደሙ እስከ ክርናቸው ወረደ። እኔ አካፋውን ለሁለተኛ ጊዜ አንስቼ ነበር። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የሰው አጥንት ሲገኝ ፖሊስ ይጠራል፤ የቅርብ ጊዜ ግድያ አለመሆኑ መጣራት አለበት። ሁለት ፖሊሶች ከአንድ ባለሙያ ጋር መጥተው፣ ብቅ ያለውን ጎኑን ብቻ አይተው አጥንቱ የጥንት መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ አንደኛው የጋሼን እጅ አየና ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቃቸው። ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ ከማሽኑ ስወርድ ወደቅኩ አሉት። አምቡላንስ ወሰዳቸው።

አለቃዬ ለብቻዬ ጠርታኝ ጋሼ ነክተው ብቻ ነው ወይስ ደብቀውም ነበር አለችኝ። የጋሼ እንጀራ በእኔ ምላስ ላይ ነበር። ከፖሊስ ካዳኑኝ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ንዴቴ ግን አልበረደም። ደብቀዋል አልኳት። ማታውኑ በስልክ አሰናበተቻቸው።

በሁለተኛው ቀን ታዛቢዋ መጡ። እንዲህ ያለ አጥንት ሲገኝ የመንደሩ ሰዎች ዘሮች ሰው ይልካሉ፤ ምን እንደሚደረግ የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ጥቂት የሚናገሩ እናት ነበሩ። አፈሩን እንድገልጥ ፈቀዱልኝ። በብሩሽ ከጎን ጀምሬ ወደ ፊቱ ስደርስ ብሩሹ ጨርቅ ያዘው። ነጭ መሐረብ ነው። ከግንባር እስከ አገጭ ተዘርግቷል፤ ማዕዘኖቹ እንዳይገለጡ አራት ጠጠር ተጭኖባቸዋል። እኛ ዘንድ ሬሳ ያለ መግነዝ አፈር አይለብስም። ለመደበቅ የቸኮለ ሰው መሐረብ አይዘረጋም፤ ጠጠርም አይመርጥም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ታዛቢዋ ጨርቁን ብዙ ካዩ በኋላ ማን እንዳለበሰው ጠየቁ። ማሽን ነጂው ናቸው አልኩ። ሟቹ እዚያው እንደሚቀበር ነገሩንና፣ ያለበሰው ሰው አፈሩንም ይመልስለት አሉ። አለቃዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ቀላ። አሁኑኑ ደውይላቸው፣ ሥራቸውም ይመለስላቸዋል አለችኝ።

ጋሼ ስልኩን ቶሎ አላነሱትም። መሐረቡን አገኘነው አልኳቸው።

«ጠርዙን ላስተካክል ብዬ ነካሁት፤ ሚስቴኩ የኔ ነው» አሉ። «አልብሼው ኮል ላደርግልሽ ነበር። ስንት ጓደኛዬን ሳላለብስ ሜዳ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት። ይሄን ደግሞ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቼ መሄድ እንቢ አለኝ።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አፈርኩ። በእሱ ፈንታ የታዛቢዋን ቃል ነገርኳቸው፦ ሥራዎ ተመልሷል፣ ይምጡና አፈሩን እርስዎ ይመልሱለት።

«በየትኛው እጄ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ትናንት ኦፕሬት አድርገውኛል። ጣቶቼ አይታዘዙኝም።»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ የጠየቁኝ ከልባቸው ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። ጋሼ ከማሽኑ አልወደቁም አልኳት።